ዋናው ቅጂ በማን እጅ ነው?



ሙያዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው። ለነጋዴ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለማኅበር፣ ለደራሲ ገጽ እሠራለሁ፤ የሠራሁትም እንዳይወድቅ እጠብቃለሁ። ዛሬ እንድናገር የተጋበዝኩት ስለ ማኅበራዊ ሚዲያና ስለ እጅ ስልክ ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ አንድ ጥያቄ መርጫለሁ፦ በስልካችን የምንጽፈው፣ የምንሸጠው፣ የምናውጀውና የምናስተምረው ነገር ሁሉ ዋናው ቅጂ ያለው በማን እጅ ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። በአብዛኛው በእኛ እጅ አይደለም። በእጃችን ማድረግ ግን ይቻላል፤ የሚጠይቀውም ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ገንዘብና ድካም ነው።

በመጀመሪያ ለስልኩም ለማኅበራዊ ሚዲያውም የሚገባቸውን ምስጋና ልስጥ። የሞባይል አገልግሎት በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 በአዲስ አበባ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሲም ካርድ ማግኘት ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ለብዙው ኢትዮጵያዊ ስልኩ የመጀመሪያውም ብቸኛውም ኮምፒውተሩ ነው። አረብ አገር በቤት ሠራተኛነት የምትኖር ልጅ ድሮ ድምፅዋን በካሴት ቀድታ፣ ደብዳቤዋን ለመንገደኛ አደራ ብላ ትልክ ነበር፤ መልሱ እስኪመጣ ወራት ያልፉ ነበር። አሁን ኢሞ ከፍታ የእናቷን ፊት እያየች ታወራለች። እስራኤል የገባችው እኅት ጎንደር የቀረውን ወንድሟን፣ ዋሽንግተን ያለው ልጅ አዲስ አበባ ያሉትን አባቱን በየቀኑ ያገኛል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቴሌብር ገንዘቡም እንደ መልእክቱ በስልክ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አይቶ ቴክኖሎጂውን የሚያወግዝ ሰው የእናትና የልጅን ናፍቆት የረሳ ይመስለኛል። እኔ ከሚያወግዙት ወገን አይደለሁም። የምናገረው ያገኘነው ነገር እንዳይጠፋብን ነው።

መርካቶ የልጆች ጫማ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። የቴሌግራም ቻናል አላት። ጠዋት አዲስ ዕቃ ሲገባላት ጫማውን ካርቶኑ ላይ አስቀምጣ በስልኳ ታነሣለች፤ ቁጥሩን ጽፋ ትለቃለች። ወዲያው ከሥሩ «ዋጋ?» የሚል ጥያቄ ይደረደራል። «በውስጥ መስመር» ብላ ትመልሳለች። ለአንዱ የነገረችውን ለሌላው፣ ለሌላው የነገረችውን ለሦስተኛው ስትደግም ትውላለች። በሳምንቱ ያ ፎቶ በአዳዲስ ፎቶዎች ተውጦ ወደ ታች ይወርዳል። ማታ ልጆቿን አስተኝታ «የልጆች ጫማ 30 ቁጥር» ብላ ጉግል ላይ የምትፈልግ እናት ይህችን ነጋዴ አታገኛትም፤ በስሟ የተሠራ፣ ዋጋና አድራሻ የተጻፈበት አንድም ገጽ የለምና። ከዚያ አንድ ቀን አካውንቷ ሀክ ይደረጋል። ለዓመታት ያሰባሰበቻቸው ደንበኞች ከቻናሉ ጋር ወደ ሌላ ሰው እጅ ይገባሉ። ሱቋ አለ፣ ዕቃዋ አለ፣ ጨዋነቷም አለ። «እኔ እዚህ ነኝ» ብላ ደንበኞቿን የምትጠራበት ቦታ ግን የላትም።

የነጋዴዋ ችግር የብዙዎቻችን ችግር ነው። መሥሪያ ቤት መግለጫውን ፌስቡክ ላይ ይለጥፍና የራሱን ድረ ገጽ ለዓመታት ሳያድስ ይተወዋል። ደራሲ አጭር ልብ ወለዱን ቴሌግራም ላይ ይለቃል። የታሪክ መምህር ለዓመታት የሰበሰበውን ጥናት በየዕለቱ በፌስቡክ ገጹ ላይ እየቆረሰ ያካፍላል። ዕድር፣ የተማሪዎች ማኅበር፣ የሰፈር ልጆች ስብስብ፣ ሁሉም መዝገቡ ግሩፑ ውስጥ ነው።

ይህን ሁኔታ ሳስብ የሚመጣልኝ የጭሰኛ ኑሮ ነው። ጭሰኛ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል፤ መሬቱ ግን የባለመሬቱ ነው። ባለመሬቱ ደግ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ሳያስነሣውም ሊኖር ይችላል። የሚነሣበትን ቀን የሚወስነው ግን ጭሰኛው አይደለም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች የጠየቁት ይህንኑ ነበር፦ የደከመ ሰው በድካሙ ፍሬ ላይ ሥልጣን ይኑረው። እኛም በየቀኑ የምንጽፍበት ቦታ የሌላ ነው፤ ውሉን ሳናነብ «እስማማለሁ» ብለን የገባንበት ነው።

«ይህን የሚያህል ኩባንያ የት ይጠፋል?» የሚል ይኖራል። የኢንተርኔትን አጭር ታሪክ እንመልከት። ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሚሊዮኖች የግል ገጻቸውን የሠሩበት ሰፈር ነበር፤ ያሁ ገዛው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ዘጋው። ኦርኩት በብራዚልና በሕንድ ሕዝብ የሚተራመስበት የጉግል ማኅበራዊ መረብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 መጨረሻ ተዘጋ። ጉግል ፕላስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ለተራው ተጠቃሚ ተዘጋ። ማይስፔስ በዘመኑ የዓለም ትልቁ ማኅበራዊ መረብ ነበር። እርሱም በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ከ2016 በፊት የተጫኑ ፎቶዎች፣ ቪዲዮዎችና ሙዚቃዎች ሰርቨር ሲቀየር መጥፋታቸውን አሳወቀ፤ በዚያ የጠፋው ዘፈን ብቻ በአስር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ብዙ ወጣት ሙዚቀኞች ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። ትልቅነት ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሳይዘጋም ሊጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፉ። ምክንያቱ ጥቃት አልነበረም። ለጥገና የተሰጠ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የኩባንያውን የመረጃ ማዕከላት ከቀረው ኢንተርኔት ለያያቸው፤ የስሞቹን አድራሻ የሚናገሩት ሰርቨሮችም አብረው ተሰወሩ። ሦስቱም አገልግሎቶች በአንድ ቤት ሥር ስለነበሩ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ወደቁ።

በአገራችንም ያየነው አለ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር። ገደቡን የሚያሳልፈውን ቪፒኤን መጫን የሚያውቅ ጫነ፤ የማያውቅ ቀረ። በነዚያ ወራት ገበያው ሙሉ በሙሉ ቻናል ላይ የነበረ ነጋዴ ከብዙ ደንበኞቹ ጋር ተቆራረጠ። የራሱ ድረ ገጽ የነበረው ሰው ገጹ እንደተለመደው ይከፈት ነበር። የኢንተርኔቱ መስመር ራሱ ሲቋረጥ ድረ ገጽም አያድንም፤ ይህን አልክድም። በሁለት እግር የቆመ ሰው ግን በአንድ እግር ከቆመው ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የምንጽፈው ነገር ለማን እንደሚታይ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። ፌስቡክ ኒውስ ፊድ የሚባለውን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2006፣ ላይክን ያስገባው በ2009 ነው። ከዚያ ወዲህ የምናየው ነገር በተጻፈበት ቅደም ተከተል መምጣቱ እየቀረ፣ ብዙ ሰው ያነካካውና የተከራከረበት ወደ ላይ ይወጣል። ሰው ደግሞ ከሚያስተምረው ይልቅ የሚያናድደውን ቶሎ ይነካካል። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሀውገን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ሴኔት በሰጠችው ምስክርነት ይህ አሠራር የሚያደርሰውን ጉዳት ስትዘረዝር ኢትዮጵያን በስም ጠርታለች። የዚህን ጉዳት ክብደት ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ቤቱ ያልተነካ ጥቂት ነው።

ይህ ዕጣ ፈንታ አለመሆኑን ግን እንደ ባለሙያ መመስከር እፈልጋለሁ። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ ማስተላለፍ እንዳይቻል ገደበ። በሚያዝያ 2020 ደግሞ ብዙ ጊዜ የተዘዋወረ መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ግሩፕ ብቻ እንዲተላለፍ አደረገ። እንደ ኩባንያው መግለጫ የዚህ ዓይነቱ መልእክት ዝውውር በ70 በመቶ ቀነሰ። አንድ ቁልፍ ትንሽ ተስተካከለ፣ የሚሊዮኖች ልማድ ተለወጠ። ያን ቁልፍ የሚያስተካክለው ሰው የሚኖረው ካሊፎርኒያ ነው። መርካቶ ያለችውን ነጋዴ አልጠየቃትም፤ ሊጠይቃትም አይችልም። በራሷ ገጽ ላይ ግን የመጀመሪያው መስመር ምን እንደሚሆን የምትወስነው እርሷ ናት።

ሦስተኛው ጉዳይ ለልቤ ይበልጥ የሚቀርበው ነው፤ የፊደላችን ጉዳይ። አንድ ማስታወቂያ በፌስቡክ ሲወጣ ብዙ ጊዜ እንዴት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ደብዳቤው በኮምፒውተር ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ በስልክ ፎቶ ይነሣና ይለጠፋል። ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ የነበረው ነገር ሥዕል ሆነ ማለት ነው። ሥዕል ውስጥ ያለን ቃል ሰው ፈልጎ ለማግኘት ይቸገራል። ስልኩ ጽሑፍ እያነበበለት የሚሰማ ዓይነ ስውር ወገናችን ባዶ ዝምታ ያገኛል። ከዚያ ደብዳቤ ላይ ስልክ ቁጥር የሚፈልግ ሰው ጣቱን ቢያሳርፍበት ብዙ ጊዜ ቁጥሩ አይገለበጥም፤ እስክሪብቶ ይፈልጋል።

ክብደቱንም እንይ። የግእዝ ፊደል በድረ ገጽ ላይ በሚሠራበት አጻጻፍ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። 1,500 ፊደል ያለው አንድ ሙሉ ገጽ ደብዳቤ እንግዲህ 4,500 ባይት ነው። ያው ደብዳቤ ፎቶ ተነሥቶ፣ ማኅበራዊ ሚዲያው ጨምቆ ካሳነሰው በኋላ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ100,000 ባይት በላይ ይመዝናል። ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ይህን ልዩነት የሚከፍለው አንባቢው ነው፤ ካርድ ሞልቶ ከገዛው ዳታ ላይ ይቆረጥበታል።

ይህ ልማድ ከስንፍና አልመጣም፤ በቂ ምክንያት ነበረው። ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱን ስውር ቁጥር ይጠቀም ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ግእዝን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላም የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች በፊደላችን ፈንታ ባዶ ሳጥን ይደረድሩ ነበር። አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ብዙ ወጣት አማርኛውን በላቲን መጻፍ የለመደው በዚህና በቀፎዎቹ ድክመት ነው። በዚያ ዘመን «ፎቶ አንሥተህ ላከው» ማለት ብልህነት ነበር። ዛሬ ግን በገበያ ላይ ያለ ስማርት ስልክ ሁሉ ማለት ይቻላል ፊደላችንን አጥርቶ ያሳያል። ምክንያቱ አለፈ፣ ልማዱ ቀረ።

የልማዱ ዋጋ ደግሞ ከዳታ ያልፋል። አማርኛ ውክፔዲያ ያሉት መጣጥፎች 15 ሺህ ገደማ ናቸው፤ አማርኛ የሚናገረው ሕዝብ ደግሞ በአስር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ይህ ሕዝብ አይጽፍም እንዳንል ሌት ተቀን ይጽፋል። የሚጽፈው ግን በአብዛኛው ግሩፕ ውስጥ፣ በቪዲዮ ላይና በሥዕል ውስጥ ነው። የፍለጋ ሞተሮችና አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንላቸው ፕሮግራሞች አማርኛን የሚማሩት በዋናነት በግልጽ ድረ ገጽ ላይ ከሚያገኙት ጽሑፍ ነው። የሚያገኙት ጥቂት ከሆነ ስለ እኛ የሚያውቁትም ጥቂት ይሆናል፤ ነገ ልጆቻችን ስለ አድዋም ሆነ ስለ ጤፍ ሲጠይቁ ከሌላ ቋንቋ የተቀዳ መልስ ይሰጣቸዋል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር። በዘመናችን የሚወረሰው ሊፈለግና ሊገኝ የሚችለው ጽሑፍ ነው።

አሁን የእናንተን ተቃውሞ ልስማ። «ሰው ያለው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው፤ ድረ ገጽ ማን ይከፍታል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። «ማኅበራዊ ሚዲያው ነጻ ነው፤ የድረ ገጹ ስም (ዶሜይን) እና ማኖሪያው (ሆስቲንግ) ግን ብር፣ አንዳንዴም ዶላር ይጠይቃሉ» ትላላችሁ። ይህም እውነት ነው። ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ ተለይተው የሚሸጡ ርካሽ የዳታ ጥቅሎችም ሰውን ወደዚያው ይስባሉ። ስለዚህ ቻናላችሁን ዝጉ አልልም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው። መጀመሪያ በራሳችሁ ገጽ ላይ አውጡት፤ ከዚያ ማስፈንጠሪያውን በቻናሉም በፌስቡኩም ልቀቁት። ሰው ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ትጠሩታላችሁ፤ ዋናው ግን የእናንተ ዘንድ ይቀመጣል። አንዱ መንገድ ቢዘጋ በሌላው ትጠራላችሁ፤ የምትጠሩበት ቦታ አይለወጥም።

የገንዘቡን ነገር በተመለከተ፣ ዶሜይን በብር የሚያስመዘግቡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ። ነጋዴዋ የሚያስፈልጋት አንድ ገጽ ነው፤ ስሟ፣ ሱቋ ያለበት ሕንፃ፣ ስልኳ፣ የዕቃው ዝርዝር ከነዋጋው። ዋጋው በግልጽ ሲጻፍ ቀኑን ሙሉ የሚበላት የውስጥ መስመር ጥያቄ ይቀንስላታል። አቅም የሌለው ሰው ከጎረቤቱና ከሥራ ባልደረባው ጋር ተጋርቶ መጀመር ይችላል፤ በአንድ ሕንፃ ያሉ ነጋዴዎች በአንድ ድረ ገጽ ላይ እያንዳንዳቸው ገጽ ቢኖራቸው ወጪው ለእያንዳንዱ ቀላል ነው።

ገጹ ደግሞ ለርካሽ ስልክ መሠራት አለበት። ኢታን ማርኮት የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን እያስተካከለ እንዲታይ የሚያደርገውን አሠራር በጽሑፍ ካስተዋወቀ ወዲህ ለስልክ ሌላ፣ ለኮምፒውተር ሌላ ገጽ መሥራት እየቀረ መጥቷል። ይሁንና አሁን በዓለም ላይ የአንድ የተለመደ ድረ ገጽ መነሻ ገጽ ክብደት ከ2 ሜጋባይት በላይ ሆኗል። ከዚያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ሥዕሎችና በገጹ ውስጥ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው። ፊደሉ ስልኩ ላይ ስላለ ሌላ ማውረድ አያሻም። ፎቶው ከመጫኑ በፊት ይጨመቅ፤ የሚንቀሳቀሰው ጌጥ ይቅር። እኔ ገጽ ሠርቼ ስጨርስ የምፈትነው ቢሮ ባለው ዋይፋይ አይደለም፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ርካሽ ስልክ ይዤ፣ ኔትወርኩ በሚንገታገትበት ሰዓት ታክሲ ውስጥ ነው። እዚያ ካልተከፈተ አልተሠራም ማለት ነው።

ደራሲዎችና መምህራን፣ እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ፌስቡክም ቴሌግራምም የጻፋችሁትን ሁሉ አውርዳችሁ እንድትወስዱ የሚያስችል አገልግሎት አላቸው፤ ፌስቡክ በማስተካከያው ገጽ፣ ቴሌግራም ኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ፕሮግራሙ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አውርዱት። ውስጡ የዓመታት ድካማችሁ አለ። ከመካከሉ ለልጆቻችሁ ሊቀር የሚገባውን ምረጡ፤ በጽሑፍ እንጂ በሥዕል ሳይሆን፣ በስማችሁ ባለ ገጽ ላይ አኑሩት።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም እዚህ ካላችሁ፣ የጨረታውን፣ የፈተናውንና የአገልግሎት ክፍያውን ማስታወቂያ በጽሑፍ በድረ ገጻችሁ ላይ አውጡ፤ ፊርማና ማኅተም ያለበትን ፎቶ ከፈለጋችሁ ከሥሩ አያይዙት። ይህ ዜጋው ሊያገኘው የሚገባ አገልግሎት ነው፤ ከሩቅ ወረዳ ተሳፍሮ «ምን ይዤ ልምጣ?» ብሎ ለመጠየቅ ብቻ የሚመጣውን ሰው ወጪ ያስቀራል።

መጨረሻ የማነጋግረው የሙያ ጓደኞቼን ነው። ደንበኛን ከአንድ ባለመሬት አውጥተን የራሳችን ጭሰኛ ማድረግ የለብንም። በከተማችን የተለመደ መጥፎ አሠራር አለ፤ ዶሜይኑ በባለሙያው ስም ይመዘገባል፣ የይለፍ ቃሉ በባለሙያው ስልክ ይቀራል። ባለሙያው ሥራ ሲቀይር ወይም አገር ሲለቅ ደንበኛው የገዛ ስሙን ማደስ ያቅተዋል። ስለዚህ ይህን እንስማማ፦ ዶሜይኑ በደንበኛው ስምና በደንበኛው ኢሜይል ይመዝገብ። የይለፍ ቃሎቹ ሁሉ በወረቀት ተጽፈው ይሰጡት። የገጹ ሙሉ ቅጂ በፍላሽ ይድረሰው። የእድሳቱ ቀን መቼ እንደሆነ፣ ስንት እንደሚከፈልና ለማን እንደሚከፈል ይነገረው። ነገ ከእኛ ጋር ቢጣላ ወደ ሌላ ባለሙያ ሄዶ ሥራውን መቀጠል ይቻለው። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ይህን በእያንዳንዱ ውሌ ላይ በጽሑፍ አሰፍራለሁ፤ እናንተም ድረ ገጽ ልታሠሩ ስትሄዱ እነዚህን ነገሮች ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ጠይቁ። የማይሰጣችሁ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።